በጊዜያቸው መንኳኳት ያለባቸው በሮች፦ የሃይስኩል ልጆቻችንና የሳይንስና የሙያ ትምህርት ዕድሎች በአሜሪካ

በአሜሪካ በሚገኙ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ አንድ ደስ የሚያሰኝ ልማድ አለ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመረቁ ልጆች ጋዋናቸውን ለብሰው ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ይጸልዩላቸዋል፤ ወላጆችም የደስታ እንባ ያነባሉ። ሌሊት ሲሠሩ አድረው ልጆቻቸውን ያሳደጉ አባቶችና እናቶች ይህን ቀን ሲያዩ እግዚአብሔርን ማመስገናቸው ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ መድረክ ላይ ጎን ለጎን በቆሙት ልጆች መካከል ብዙዎቻችን የማናስተውለው ልዩነት አለ። አንዱ ልጅ ሃይስኩልን ሲጨርስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት አብሮ አጠናቅቋል። ሌላዋ የነርስ ረዳትነት የምስክር ወረቀት ይዛ በዚያው ወር ሥራ መጀመር ትችላለች። ሦስተኛው ግን ዲፕሎማውን ብቻ ይዟል፤ ምን እንደሚማር፣ በምን ገንዘብ እንደሚማርም አያውቅም። ይህ ልጅ ከሁለቱ በአእምሮ ያነሰ ላይሆን ይችላል። ዕድሎቹ በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ነገር ግን ለወላጆቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ዕድሎች ምን እንደሆኑ፣ መቼ እንደሚጠየቁና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። አሠራሩ ከስቴት ስቴት፣ ከወረዳ ወረዳ ስለሚለያይ ምሳሌዎቹን የወሰድነው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዋሽንግተን ስቴት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቴም እና የሙያ ትምህርት ምንድን ናቸው?

"ስቴም" የሚለው ቃል ሳይንስን፣ ቴክኖሎጂን፣ ምህንድስናንና ሒሳብን በአንድነት የሚጠራ አጭር ስም ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር "ሲ ቲ ኢ" የሚባለው ደግሞ የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ነው። በዚህ ሥር ነርሲንግ፣ የኮምፒውተር ደኅንነት፣ ኤሌክትሪክ፣ የመኪና ጥገና፣ ግንባታ፣ የምግብ ዝግጅት፣ ሒሳብ አያያዝና ሌሎችም ብዙ ዘርፎች ይገኛሉ።

ብዙዎቻችን "ሙያ" የሚለውን ቃል ስንሰማ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው በአገር ቤት የነበረው ሥርዓት ነው። በዚያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጡት ወደ መሰናዶ ሲገቡ፣ ውጤት ያልመጣላቸው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዱ ነበር። ከዚህ የተነሣ ትምህርት ቤቱ "ልጅዎ የሙያ ትምህርት ይውሰድ" ሲል አንዳንድ ወላጅ ልጁ እንደተናቀ ወይም እንደወደቀ አድርጎ ይረዳዋል።

በአሜሪካም ቢሆን ቀድሞ ከዚህ ብዙም ያልራቀ አመለካከት ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የሙያ ትምህርትን በገንዘብ መደገፍ የጀመረው በ1917 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ዓላማውም ወጣቶችን ለእርሻና ለፋብሪካ ሥራ ማዘጋጀት ነበር። በ2006 እና በ2018 የታደሱት ሕጎች ግን አካሄዱን ለውጠውታል። ዛሬ የሙያ ትምህርት የሚወስድ ተማሪ መደበኛውን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይማራል፤ ዲፕሎማውም ያው ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው መንገድም አይዘጋበትም። እንዲያውም ነርስ ወይም ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ በ11ኛ ክፍል የጤና ሙያ ትምህርት ብትወስድ ሆስፒታልን ከውስጥ አይታ መወሰን ትችላለች።

የእግዚአብሔር ቃልም የእጅ ሙያን አይንቅም። በዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅና በብር፣ በድንጋይና በእንጨት ይሠራ ዘንድ በመንፈሱ እንደሞላው እናነባለን። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደነበር በሐዋርያት ሥራ 18 ተጽፏል።

ቀድሞ የሚዘጋው በር፦ ሒሳብ

ልጃቸው ኢንጂነር እንዲሆን የሚመኙ ወላጆች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የምህንድስና መንገድ የሚጀምረው በ12ኛ ክፍል ሳይሆን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ ትምህርት እንደ ደረጃ መሰላል የተሠራ ነው። መጀመሪያ አልጀብራ 1፣ ቀጥሎ ጂኦሜትሪ፣ ከዚያ አልጀብራ 2፣ ከዚያ ፕሪካልኩለስ፣ በመጨረሻም ካልኩለስ ይመጣል። አንድ ልጅ አልጀብራ 1ን በ8ኛ ክፍል ከጀመረ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። በ9ኛ ክፍል ከጀመረ ግን አንድ ዓመት ስለሚዘገይ ሃይስኩልን የሚጨርሰው በፕሪካልኩለስ ይሆናል። ልጁ በየትኛው ረድፍ እንደሚሰለፍ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ በ6ኛና በ7ኛ ክፍል ውጤቱና በመምህራን ግምገማ ነው።

ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ልጅ ሒሳብ እየቻለ በእንግሊዝኛው ምክንያት ብቻ ዝቅ ያለ ክፍል ሊመደብ ይችላል። በዚህ ጊዜ ወላጅ ዝም ማለት የለበትም። ልጁ በሒሳብ እንደገና እንዲፈተን መጠየቅ ይችላል። የዘገየ ልጅም ቢሆን ተስፋ አይቆርጥም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች በሰመር እረፍት አንድ ደረጃ መውሰድ፣ ወይም ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን በአንድ ዓመት ጎን ለጎን መማር ይቻላል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ጠይቆ የተረዳ ሰው ነው።

የሳይንስ ልዩ ትምህርት ቤቶች ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ በ1985 የተከፈተው ቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመላው አገሪቱ ስሙ የታወቀ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ቀድሞ የመግቢያ ፈተናና 100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ ነበረው፤ ሁለቱም በ2020 ቀርተዋል። ሆኖም በ9ኛ ክፍል ለመግባት የሚያመለክተው የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ አልጀብራ 1ን ወይም ከዚያ በላይ እየወሰደ መሆኑ ነው። ስለዚህ በ7ኛ ክፍል ያልተነሣ ጥያቄ በ8ኛ ክፍል በርን ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

በሃይስኩል ሳሉ ኮሌጅን መጀመር

ተማሪዎች ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ክሬዲት የሚያገኙባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው "ኤ ፒ" የሚባለው ነው። ተማሪው በራሱ ትምህርት ቤት ከበድ ያለ ትምህርት ይወስድና ግንቦት ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ኮሌጆች 3 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ግን 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ። ለፈተናው ክፍያ ያለ ቢሆንም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቅናሽ ይደረጋል።

ሁለተኛው "ዱዋል ኢንሮልመንት" ይባላል። ተማሪው የኮሌጅ ትምህርት ራሱን ይወስዳል፤ የሚያገኘውም ክሬዲት ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይቆጠርለታል። በዋሽንግተን ስቴት ይህ ሥርዓት "ራኒንግ ስታርት" በሚል ስም በ1990 በሕግ የተጀመረ ሲሆን፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በኮሚኒቲ ኮሌጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፍሉ እንዲማሩ ያስችላል። በሁለቱ ዓመታት ጠንክሮ የሠራ ተማሪ ከሃይስኩል ዲፕሎማው ጋር የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ሊይዝ ይችላል። በሜሪላንድም በ2021 የጸናው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ፣ በስቴቱ የተቀመጠውን የኮሌጅና የሥራ ዝግጁነት መለኪያ ያሟሉ የሃይስኩል ተማሪዎች የኮሌጅ ትምህርት በነጻ እንዲወስዱ ደንግጓል።

ጌታችን በሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል። እኛም ይህን መንገድ ስንመርጥ ወጪውን መቁጠር ይገባናል። ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም መጻሕፍት፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎችና መጓጓዣ በቤተሰቡ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ግን እርዳታ መጠየቅ ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የውጤቱ ጉዳይ ነው። የኮሌጅ ውጤት በቋሚ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በ16 ዓመቱ የወደቀበት ትምህርት በ19 ዓመቱ ሌላ ኮሌጅ ሲያመለክት አብሮት ይሄዳል፤ የገንዘብ እርዳታውንም ሊነካበት ይችላል። ክሬዲቶቹ ሁሉ በየዩኒቨርሲቲው ተቀባይነት አላቸው ማለትም አይደለም፤ በተለይ ከስቴት ውጭና በግል ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ዝግጁ ካልሆነ በአንድ ወይም በሁለት ትምህርት መጀመር ጥበብ ነው።

የሙያ ማዕከላትና እየሠሩ መማር

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚገኘው ቶማስ ኤዲሰን የቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪው ከመደበኛ ትምህርት ቤቱ አይለቅም፤ ግማሹን ቀን እዚያ ይማርና ግማሹን ቀን ወደ ኤዲሰን ሄዶ ኤሌክትሪክን፣ አናጺነትን፣ የመኪና ጥገናን፣ የጤና ሙያን ወይም ሌላ ዘርፍ ይማራል። በሲያትል አካባቢ "ስኪልስ ሴንተር" የሚባሉት ማዕከላት በተመሳሳይ መንገድ ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ተማሪዎችን ያለ ትምህርት ክፍያ ያስተምራሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሚያካሂደው የጤና ሳይንስ አካዳሚ አለው።

የነርስ ረዳትነት ሥራን ማኅበረሰባችን በሚገባ ያውቀዋል። የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ይጠይቃል፤ ብዙ ስቴቶችም ከዚህ የበለጠ ይጠይቃሉ። ብዙ እናቶች በራሳቸው ገንዘብ ከፍለው የወሰዱትን ይህን ሥልጠና ልጆቻቸው በሃይስኩል ውስጥ እንደ አንድ ትምህርት ወስደው ለፈተናው መቅረብ የሚችሉባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። አንዲት ልጅ ይህን ይዛ ኮሌጅ ብትገባ፣ የነርሲንግ ዲግሪዋን እስክትጨርስ ከምትማረው ሙያ ጋር የሚቀራረብ ሥራ እየሠራች ራሷን መርዳት ትችላለች።

"አፕረንቲስሺፕ" የሚባለው ደግሞ ደመወዝ እየተከፈለ ሙያ የሚለመድበት መንገድ ነው። የተመሠረተው በ1937 በወጣ ሕግ ነው። በመንግሥት የተመዘገበ አፕረንቲስ በተለምዶ በዓመት 2,000 ሰዓት ያህል በባለሙያ ሥር ይሠራል፤ በተጨማሪም 144 ሰዓት ያህል በክፍል ውስጥ ይማራል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለመሆን ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት ይወስዳል፤ ሲጨርስ ግን የትምህርት ዕዳ የለበትም። አንዳንድ ስቴቶች ይህን ለሃይስኩል ተማሪዎችም ከፍተዋል። ከላይ የጠቀስነው የሜሪላንድ ሕግ በ2030–31 የትምህርት ዓመት ከሃይስኩል ተመራቂዎች 45 በመቶ የሚሆኑት የአፕረንቲስሺፕን የሃይስኩል ክፍል ወይም በሙያው ዘርፍ የታወቀ የምስክር ወረቀት ይዘው እንዲወጡ ግብ አስቀምጧል። አፕረንቲስሺፕ ሥራ ስለሆነ የሥራ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው መዘንጋት የለበትም። በመደበኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ግን የልጁ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ የሚከለክለው እንዳልሆነ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኗል።

ከክፍል ውጭ ያሉ ዕድሎች፣ የሚያሳስቱ ደብዳቤዎችም

ዲን ኬመን የተባለው የፈጠራ ሰው በ1989 የመሠረተው "ፈርስት" የተባለ ድርጅት ተማሪዎች በቡድን ሮቦት ሠርተው የሚወዳደሩበትን መድረክ አዘጋጅቷል። በ1992 በ28 ቡድኖች የተጀመረው የሃይስኩል ውድድር ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ልጆቹ በዚህ የሚማሩት ሮቦት መሥራትን ብቻ አይደለም፤ በጀት መያዝን፣ በሰው ፊት መናገርንና ከሌሎች ጋር መሥራትን ይማራሉ። ለተሳታፊዎች የተዘጋጁ ስኮላርሺፖችም አሉ። በትምህርት ቤታችሁ ቡድን መኖሩን ልጃችሁን ጠይቁ።

በሰመር እረፍት የሚሰጡ ከፍተኛ የሳይንስ ፕሮግራሞችም አሉ። ለምሳሌ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም አይ ቲ) 11ኛ ክፍልን ለጨረሱ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው "ማይትስ ሰመር" የተባለው ፕሮግራም ለትምህርት፣ ለምግብና ለማደሪያ አያስከፍልም፤ ተማሪው የሚችለው የመጓጓዣውን ነው። እርግጥ ነው፣ ውድድሩ ብርቱ ነው።

በሌላ በኩል ወደ ቤታችን በፖስታ የሚመጡ፣ ማኅተም ያለባቸውና ያማሩ ደብዳቤዎች አሉ። "ልጅዎ ከመላው አገሪቱ ተመርጧል" ይላሉ፤ ቀጥለውም ለአንድ ሳምንት ፕሮግራም ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃሉ። ልጁ ተመርጧል ብሎ ተደስቶ የተበደረ ወላጅ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ግብዣ አብዛኛውን ጊዜ ንግድ ነው፤ ለኮሌጅ መግቢያም የተለየ ጥቅም ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ደብዳቤው ሲመጣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ካውንስለር አማክሩ።

ወላጆች በየክፍሉ ምን እንጠይቅ?

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፦ ልጄ በየትኛው የሒሳብ ረድፍ ላይ ነው? አልጀብራ 1ን መቼ ይጀምራል? ለ9ኛ ክፍል ማመልከት የሚቻልባቸው ልዩ ትምህርት ቤቶች ወይም አካዳሚዎች የትኞቹ ናቸው? ማመልከቻቸው መቼ ይዘጋል?

በ9ኛ ክፍል፦ የአራት ዓመቱን የትምህርት ዕቅድ ከካውንስለሩ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉ። የ9ኛ ክፍል ውጤትም ኮሌጆች በሚያዩት መዝገብ ላይ እንደሚቆጠር ለልጃችሁ ንገሩት።

በ10ኛ ክፍል፦ ይህ ዋነኛው የውሳኔ ዓመት ነው። ብዙ የሙያ ማዕከላትና የዱዋል ኢንሮልመንት ፕሮግራሞች የሚጀምሩት በ11ኛ ክፍል ስለሆነ ምዝገባው በ10ኛ ክፍል ይካሄዳል። የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚመረጠው በጥርና በየካቲት ገደማ ነው።

በ11ኛና በ12ኛ ክፍል፦ የምስክር ወረቀት ፈተናዎችን፣ የስኮላርሺፕ ቀኖችንና "ፋፍሳ" የተባለውን የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ተከታተሉ።

ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ በእንግሊዝኛ ለመነጋገር ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ወረዳዎች፣ ለምሳሌ ሞንትጎመሪ ካውንቲና ሲያትል፣ በአማርኛ የተዘጋጁ መረጃዎችን ይሰጣሉ። ልጃችሁ ራሱ እንዲያስተረጉም ግን አታድርጉ። ስለ ራሱ ድክመት የሚነገረውን ሁሉ አሟልቶ መተርጎም ለልጅ ከባድ ፈተና ነው።

"ዶክተር ወይም ኢንጂነር" ብቻ?

ወላጆች ልጆቻችን ከእኛ የተሻለ እንዲኖሩ መመኘታችን መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ስሞችን ብቻ እየደጋገምን ስንጠራ ልጁ የተሰጠውን ስጦታ ሳይናገር ያድጋል። የእጅ ሥራ የሚወድ ልጅ ወላጆቹን ላለማሳዘን ሲል ያልፈለገውን ትምህርት ይጀምርና ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ዕዳውን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማፈሩ ነው። ከኀፍረቱ የተነሣ ከቤተሰቡም ከቤተ ክርስቲያኑም የሚርቅ ወጣት አለ።

ስለዚህ ልጃችሁን "ምን ትሆናለህ?" ከማለት በፊት "ምን ስትሠራ ደስ ይልሃል? ሰዓቱ ሳይታወቅህ የሚያልፈው ምን ስትሠራ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙም ቶሎ አትፍረዱ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ማድረግ ትችላለች?

በእያንዳንዱ ጉባኤ ውስጥ ነርሶች፣ ኢንጂነሮች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞችና መምህራን አሉ። በዚህ መንገድ ያለፉ ወጣቶችም አሉ። እውቀቱ በመካከላችን እያለ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት የማይሻገረው እንዲነጋገሩ ስላላደረግን ነው። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ማለትም ትምህርት ከመመረጡ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የ7ኛ፣ የ8ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወላጆችን መሰብሰብ ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ይናገሩ፤ ራኒንግ ስታርትን ወይም የሙያ ማዕከልን የጨረሰ ወጣት ልምዱን ያካፍል፤ ወላጆችም በአማርኛ ይጠይቁ። ሒሳብ የሚችሉ የኮሌጅ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ። ወላጆቹ ሥራ ላይ የሆኑበትን ልጅ ከሮቦት ልምምድ የሚያመጣ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት መኖርም ትልቅ አገልግሎት ነው።

ለልጆቻችን በጸሎት መትጋታችንን አንተው። ከጸሎቱ ጋር ግን በዚህ ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ደውለን ከካውንስለሩ ጋር ቀጠሮ እንያዝ። ለዳንኤልና ለሦስቱ ባልንጀሮቹ በባዕድ አገር ትምህርት ቤት እውቀትንና ማስተዋልን የሰጠ ጌታ ለልጆቻችንም ይስጥልን። አሜን።